የታደሰ የጦርነት ፊልም በ4ኬ፦ ቤትዎ ውስጥ በትክክል ለማየት የሚረዱ 9 ደረጃዎች

የድሮ የጦርነት ፊልም በአልትራ ኤችዲ ታድሶ ሲወጣ ጓጉተው የሚገዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ቅሬታ ያነሳሉ፦ «4ኬ ነው ተብሎ ነበር፤ ምኑ ነው ታዲያ የተሻለው?» የተዋናዩ ፊት ሰም የተቀባ ይመስላል። ሌሊቱ ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ግራጫ ነው። የፈረሱ ግልቢያ ያለ ልክ ይንሸራተታል። አንዳንዱ ጋ ደግሞ ምስሉ ከመጨለሙ የተነሣ ማን ከማን ጋር እንደሚዋጋ አይለይም።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የፊልሙ አይደለም። አዳሾቹ ከኔጋቲቩ ያገኙትን ዲስኩ ላይ አስፍረውታል። የሚባክነው ከዲስኩ ተነሥቶ ዓይንዎ ጋ እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ማጫወቻው፣ ኬብሉ፣ የቴሌቪዥኑ ሴቲንግ፣ የክፍሉ መብራት እና የሶፋው ርቀት የየራሳቸውን ይቀንሳሉ። ደግነቱ ሁሉም ይስተካከላል፤ አብዛኛውም ገንዘብ አይጠይቅም።

ለማሳያ የያዝነው ዴቪድ ሊን በ1962 ያወጣውን «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ የተቀረጸው ከተለመደው 35 ሚሊሜትር በጣም በሚሰፋ የ65 ሚሊሜትር ኔጋቲቭ ላይ ነው። ኔጋቲቩ በ8ኬ ስካን ተደርጎ በ2012 በ4ኬ የታደሰው ቅጂ ቀረበ፤ በ2020 ደግሞ በ4ኬ ዲስክ ወጣ። የ4ኬ ጥራት በእውነት ምን እንደሆነ የሚያሳይ ፊልም ስለሆነ ቤትዎን ለመፈተን ከእሱ የተሻለ አይገኝም። ደረጃዎቹ ግን ለማንኛውም የታደሰ የጦርነት ፊልም ይሠራሉ።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ መርህ ይያዙ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከእሱ የሚመነጭ ነው። ፊልሙ አንዴ ታድሷል። ቴሌቪዥንዎ እንደገና «እንዲያድሰው» አይፍቀዱለት።

የሚያስፈልግዎ

- ኤችዲአር የሚቀበል 4ኬ ቴሌቪዥን
- የአልትራ ኤችዲ ብሉ ሬይ ማጫወቻ፣ ወይም የተረጋጋ ፈጣን ኢንተርኔት
- በሰከንድ 18 ጊጋቢት የሚያሳልፍ የኤችዲኤምአይ ኬብል
- ማጨለም የሚቻል ክፍል
- የቴሌቪዥኑ ሪሞት፣ እና ለማስተካከያው ብቻ የሚመድቡት አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ

ደረጃ 1፦ የትኛው እድሳት እንደሆነ ይለዩ

ሽፋኑ ላይ «4ኬ» መባሉ ብቻውን ብዙ አይነግርም። ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ነገር ያጣሩ።

አንደኛ፣ ስካኑ የተነሣው ከምን ላይ ነው? ከዋናው የካሜራ ኔጋቲቭ ከሆነ ጥሩ ነው። ከኔጋቲቩ ከተባዛ ቅጂ ከሆነ ግን በየብዜቱ ዝርዝር ስለሚጠፋ 4ኬ መሆኑ ብዙም አይጠቅመውም።

ሁለተኛ፣ ግሬይኑ ተጠብቋል? ግሬይን ማለት ምስሉን የሠራው የፊልሙ ቅንጣት ነው። ቆሻሻ ወይም ብልሽት አይደለም። ፊት ላይ ያለው መስመር፣ የዩኒፎርሙ ሽመና፣ የአሸዋው እህል፣ ሁሉም የተሳለው በዚህ ቅንጣት ነው። ጥሩ እድሳት ጭረትን፣ አቧራን፣ ስንጥቅን ያነሳል፤ ግሬይኑን ግን ይተወዋል። «ሎውረንስ» ላይ የበረሃው ሙቀት ኔጋቲቩን በማድረቁ የተፈጠሩ ቀጫጭን ስንጥቆች ነበሩ። እነሱን ማስወገድ የእድሳቱ ከባድ ሥራ ነበር፤ ቅንጣቱ ግን እንዳለ ነው። የተቃራኒው ምሳሌ በ2008 የወጣው የ«ፓተን» ብሉ ሬይ ነው። ግሬይኑ ከመጠን በላይ ስለተፋቀ የዋናው ገጸ ባሕርይ የጄኔራል ፓተን ቆዳ ጭምር አብሮ ለስልሶ ነበር፤ በ2012 እንደገና ተሠርቶ ወጣ። ስለዚህ ግምገማ ሲያነቡ «ግሬይን አለው» የሚለውን እንደ ነቀፌታ አይቁጠሩት። ሊያሳስብዎ የሚገባው «ቆዳው ለስላሳ ነው» የሚለው ነው።

ሦስተኛ፣ የትኛው ቅንብር ነው? «አፖካሊፕስ ናው» ሦስት አለው፤ የ1979ኙ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የ2001ዱ «ሪደክስ» 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ፣ የ2019ኙ «ፋይናል ከት» ደግሞ 3 ሰዓት ገደማ ይፈጃሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩ ከሆነ በ1979ኙ ወይም በ«ፋይናል ከት» ይጀምሩ፤ «ሪደክስ» ፊልሙን አስቀድሞ ለሚያውቅ ይሻላል።

የተለመደ ስሕተት፦ «ከ4ኬ ማስተር የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ተራ ብሉ ሬይ እንደ 4ኬ መግዛት። ምንጩ 4ኬ ቢሆንም ዲስኩ ያለው ጥራት 1080 ብቻ ነው። የ4ኬ ዲስኮች አብዛኛውን ጊዜ በጥቁር ካርቶን ወይም በጥቁር ፕላስቲክ ሽፋን ይመጣሉ፤ የተራው ብሉ ሬይ ሽፋን ሰማያዊ ነው።

ደረጃ 2፦ ዲስክ፣ ስትሪሚንግ ወይስ ፋይል?

ለጦርነት ፊልም ይህ ውሳኔ ከሌላው ዓይነት ፊልም ሁሉ ይበልጣል። ምክንያቱም የምስል መጭመቂያ ዋና ጠላቶች ጭስ፣ አቧራ፣ ዝናብ፣ ፍንዳታና ግሬይን ናቸው። ጦርነት ደግሞ ከእነዚህ ሌላ ምን አለው? ጭሱ ወደ ትናንሽ ካሬዎች ሲበጣጠስ ካዩ የሚያዩት የመረጃ እጥረት ነው።

ቁጥሩን ይመልከቱ። አልትራ ኤችዲ ብሉ ሬይ አብዛኛውን ጊዜ 66 ወይም 100 ጊጋባይት ይይዛል፤ በሰከንድ እስከ 128 ሜጋቢት ድረስ ሊያቀርብ ይችላል። የ4ኬ ስትሪሚንግ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ሜጋቢት ባለው ውስጥ ይሠራል። በፍላሽ የሚገለበጥ 5 ጊጋባይት የሆነ ፋይልስ? «ሎውረንስ» 227 ደቂቃ ያህል ስለሚረዝም 5 ጊጋባይቱ በሰከንድ 3 ሜጋቢት አይሞላም። ስሙ «4ኬ» ቢሆንም ከጥሩ ዲቪዲ ብዙም አይርቅም። ዲስኩ ላይ ይኸው ፊልም በአንድ ዲስክ አልበቃ ብሎ ለሁለት ተከፍሏል።

ስለዚህ ከቻሉ ዲስክ ይምረጡ። አዲስ አበባ ውስጥ ላለ አንባቢ ይህ የተሻለ መንገድ የሚሆንበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ዲስክ ኢንተርኔት ተቆራረጠ ብሎ ጥራቱን አይቀንስም።

ዲስክ ከውጭ ሲያስመጡ ይህን ይወቁ። የ4ኬ ዲስኮች የአካባቢ ቁልፍ የላቸውም፤ ከዋሽንግተን የመጣው አዲስ አበባም፣ ቴል አቪቭም፣ ዱባይም ይጫወታል። አብሮት የሚታሸገው ተራ ብሉ ሬይ ግን ቁልፍ ሊኖረው ይችላል። አሜሪካ በ«ኤ» ምድብ ናት፤ አውሮፓ፣ አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ በ«ቢ»። ዘመድዎ የላከልዎት ጥቅል ውስጥ አንዱ ዲስክ ሠርቶ ሌላው እምቢ ቢል ሊደንቅዎት አይገባም።

በስትሪሚንግ የሚያዩ ከሆነ ቴሌቪዥኑን ከራውተሩ ጋር በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ያገናኙ። የከፈሉበት ፓኬጅ 4ኬ የሚያካትት መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ርካሹ ፓኬጅ ብዙ ጊዜ አያካትትም።

ደረጃ 3፦ ማጫወቻውን በጥንቃቄ ይምረጡ

ተራ የዲቪዲ ወይም የብሉ ሬይ ማጫወቻ የ4ኬ ዲስክ አያነብም። ከሚያነቡት መካከል የፓናሶኒክ ዩቢ820 እና የሶኒ ኤክስ700 ይገኙበታል። ቤት ውስጥ ጌም መጫወቻ ካለ ሌላ ላያስፈልግዎ ይችላል፤ ዲስክ ማስገቢያ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ይሠራሉ።

የተለመደ ስሕተት፦ ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ «4ኬ» ስለተባለ ዲስኩን ያነባል ብሎ መገመት። አያነብም። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ደግሞ ዲስክ ማስገቢያ ጭራሽ የለውም።

ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ ባለ 100 ጊጋባይት ዲስክ ይዘው ይሂዱና ከመሃል ጀምሮ ያጫውቱት። ባለ ሦስት ንብርብር ዲስክ ላይ ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው ሲያልፉ የሚደርቁ ማጫወቻዎች አሉ፤ ጉድለቱ ዲስኩ ገና ሲጀምር አይታይም።

ከአሜሪካ ለሚመጣ ዕቃ ጀርባው ላይ የተጻፈውን የቮልት መጠን ያንብቡ። «100–240» ካለ ሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃል። «120» ብቻ ካለ በቀጥታ 220 ቮልት ላይ ከሰኩት ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ቴሌቪዥኑንም ማጫወቻውንም በስታቢላይዘር ያሠሩ።

ዲስኩ ላይ የጣት አሻራ ካለ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገው ይጥረጉ። ዙሪያውን እያዞሩ መጥረግ የሚያደርሰው ጭረት ማጫወቻው ከሚያነብበት አቅጣጫ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ለማረም ይከብዳል።

ደረጃ 4፦ ኬብሉን እና የቴሌቪዥኑን ወደብ ያስተካክሉ

በሰከንድ 18 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ኬብል ይግዙ፤ ማሸጊያው ላይ «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» ይላል። ከ3 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። በወርቅ የተለበጠ ነው ተብሎ ለሚጨመር ዋጋ አይክፈሉ፤ ምስሉ ላይ ለውጥ የለውም።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ብዙ ቴሌቪዥኖች ከፋብሪካ ሲወጡ የኤችዲኤምአይ ወደባቸው በሙሉ አቅሙ አልተከፈተም። ሶኒ ላይ «ኤችዲኤምአይ ሲግናል ፎርማት» ገብተው «ኢንሃንስድ» ይምረጡ። ሳምሰንግ ላይ «ኢንፑት ሲግናል ፕላስ»፣ ኤልጂ ላይ ደግሞ «ዲፕ ከለር» የሚለውን ያብሩ። ማጫወቻው የተሰካበትን ወደብ መርጠው ያብሩ እንጂ የሌላውን አይደለም።

ይህን ካላደረጉ ፊልሙ ይታያል፤ ግን ያለ ኤችዲአር ነው። ኤችዲአር ደማቁንና ጨለማውን አራርቆ የሚያሳየው አሠራር ነው፤ የበረሃ ፀሐይና የድንኳን ጥላ በአንድ ምስል ውስጥ ሳይጠፋፉ የሚታዩት በእሱ ነው። መግባቱን ለማወቅ ፊልሙ ሲጀምር ማዕዘን ላይ «ኤችዲአር» ወይም «ዶልቢ ቪዥን» የሚል ምልክት ብቅ ማለቱን ይመልከቱ። ሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች ዶልቢ ቪዥን የተባለውን የኤችዲአር ዓይነት አይቀበሉም፤ ዲስኩ ራሱ ወደ ተራው ዓይነት፣ ወደ ኤችዲአር10 ስለሚመለስ አይስጉ።

የተለመደ ስሕተት፦ ማጫወቻውን በድሮ ሳውንድባር ወይም አምፕሊፋየር በኩል አሳልፎ ከቴሌቪዥኑ ጋር ማገናኘት። መሃል ያለው ዕቃ 4ኬ ካላሳለፈ ምስሉ ወደ 1080 ይወርዳል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ማጫወቻውን በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰኩ።

ደረጃ 5፦ ማጫወቻው እንዳይነካካው ያድርጉ

የማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ ገብተው አራት ነገር ይመልከቱ።

1. የ24 ፍሬም ውጤት ይብራ። ፊልሙ የተቀረጸው በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። ማጫወቻው ወደ 60 ከቀየረው አንዱ ፍሬም ሁለቴ፣ ቀጣዩ ሦስቴ ይደጋገማል፤ ካሜራው በረሃውን ቀስ ብሎ ሲቃኝ ምስሉ ይንገጫገጫል።
2. ጥራቱ «ኦቶ» ወይም 2160 ላይ ይሁን።
3. ምስል ማጥሪያ፣ ማሳመሪያ፣ ማድመቂያ የሚባሉ ምርጫዎች ሁሉ ይጥፉ ወይም ዜሮ ላይ ይሁኑ።
4. ድምፅ «ቢትስትሪም» ላይ ይሁን፤ ዲስኩ ላይ ያለው ድምፅ ሳይነካ ከማጫወቻው ይወጣል።

ደረጃ 6፦ የቴሌቪዥኑን «ማሻሻያ» ያጥፉ

ከዘጠኙ ደረጃዎች ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው። ፊልሙ እየተጫወተ ሳለ ይሥሩት። ቴሌቪዥኖች ለተራ ምስል፣ ለኤችዲአር እና ለዶልቢ ቪዥን የተለያየ ሴቲንግ ያስቀምጣሉ። ዜና እየታየ ያስተካከሉት ፊልሙ ሲጀምር የለም፤ «አስተካክዬው ነበር እኮ» የሚያሰኘው ይኸው ነው።

ሀ. የምስል ሁነታ። «ፊልምሜከር ሞድ» ካለ እሱን፣ ከሌለ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» ይምረጡ። «ቪቪድ» እና «ዳይናሚክ» የሚባሉት ሱቅ ውስጥ ደማቅ መብራት ሥር ዓይን ለመሳብ የተሠሩ ናቸው።

ለ. የእንቅስቃሴ ማለስለሻ። ያጥፉ። ኤልጂ ላይ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ ላይ «ሞሽንፍሎው»፣ ሳምሰንግ ላይ «ኦቶ ሞሽን ፕላስ» ወይም «ፒክቸር ክላሪቲ» ይባላል። ይህ አሠራር በፍሬሞቹ መካከል ያልተቀረጸ ፍሬም ፈጥሮ ያስገባል። በ«ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን» የኦማሃ ባሕር ዳርቻ ውጊያ እንቅስቃሴው የሚቆራረጠው ቀራጮቹ የካሜራውን መዝጊያ ሆን ብለው ስላጠበቡት ነው። የሚረጨው አሸዋ እህሉ አንድ በአንድ ይታያል፤ የተመልካቹም ልብ አብሮ ይመታል። ማለስለሻው ሲበራ ይህ ሁሉ ሥራ ይጠፋል።

ሐ. «ኖይዝ ሪዳክሽን» እና «ሻርፕነስ»። የመጀመሪያውን ያጥፉ። ግሬይኑን ከብልሽት ስለማይለየው ሁለቱንም ይፍቃል። ሻርፕነስን ወደ ዜሮ ያውርዱ፤ ሶኒ ላይ ግን ገለልተኛው 50 ነው። ሻርፕነስ ዝርዝር አይጨምርም፤ በየጠርዙ ነጭ መስመር ነው የሚያሰምር። አሸዋ ላይ የቆመ ሰው ዙሪያውን ነጭ ጥላ ከከበበው ሻርፕነሱ አልወረደም ማለት ነው።

መ. የቀለም ሙቀት። «ዋርም» ወይም «ዋርም 2» ላይ ያድርጉት። መጀመሪያ ቢጫ ይመስልዎታል፤ ዓይንዎ ሰማያዊ ያዘለውን የፋብሪካ ነጭ ስለለመደ ነው። ወዲያው አይመልሱት፤ ፊልሙን ሙሉ በእሱ ይዩ። ማረጋገጥ ከፈለጉ ጥቁርና ነጭ ፊልም ያስገቡ። የ«ሎውረንስ» 4ኬ በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ በወጣበት ስብስብ ውስጥ የስታንሊ ኩብሪክ «ዶክተር ስትሬንጅላቭ» አብሮ አለ። ግራጫው ወደ ሰማያዊም ወደ ቀይም ሳያደላ ግራጫ ሆኖ ከታየ ቀለሙ ተስተካክሏል።

ሠ. የኃይል ቁጠባና የብርሃን ሴንሰር። ያጥፉ። ትዕይንቱ ወይም ክፍሉ በጨለመ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ራሱን የሚያደበዝዘው በእነዚህ ምክንያት ነው።

ረ. ምስሉ ከጨለመብዎ። «ብራይትነስ» የሚለውን ከፍ አያድርጉ። በብዙ ቴሌቪዥኖች እሱ የሚያነሳው ጥቁሩን ነው፤ ሌሊቱ ግራጫ ይሆናል። ከዚያ ይልቅ «ቶን ማፒንግ» የሚል ካለ ያብሩ፤ የጀርባ ብርሃኑን ወይም የኦሌድ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍ ያድርጉ። «ኤችዲአር» የተባሉ ርካሽ ቴሌቪዥኖች ምልክቱን ቢቀበሉም በቂ ብርሃን የላቸውም። የእርስዎ ከነዚያ ከሆነ ማጫወቻው ኤችዲአሩን ወደ ተራ ምስል እንዲቀይር ያድርጉ፤ የ4ኬ ዝርዝሩ ይቀርልዎታል፣ ጨለማውም ይገፈፋል።

ሰ. የስክሪን ልክ። ኤልጂ ላይ «ጀስት ስካን»፣ ሳምሰንግ ላይ «ፊት ቱ ስክሪን» ይምረጡ። ከላይና ከታች የሚታየውን ጥቁር አይጥሉት። «ሎውረንስ» ከቴሌቪዥንዎ ይልቅ ስለሚሰፋ ከስክሪኑ ቁመት አንድ አምስተኛ ያህሉ ጥቁር ይሆናል። «ዘ ብሪጅ ኦን ዘ ሪቨር ክዋይ» ይብሱን ስለሚሰፋ ጥቁሩ ሠላሳ በመቶ ገደማ ይደርሳል። ስክሪኑን ለመሙላት «ዙም» ካደረጉ ግን ያንኑ ያህል ከግራና ከቀኝ ይቆረጣል፤ ሰልፈኛው ጦር ጫፍና ጫፉ ይጠፋል።

ደረጃ 7፦ ክፍሉን እና ርቀቱን ያስተካክሉ

ሶፋው ሩቅ ከሆነ 4ኬ ገንዘብ ማባከን ነው። ጤናማ ዓይን ያለው ሰው ከ55 ኢንች ቴሌቪዥን 2.2 ሜትር ያህል ከራቀ የ4ኬ እና የ1080 ልዩነት መጥፋት ይጀምራል፤ ለ65 ኢንች ይህ ርቀት 2.6 ሜትር ገደማ ነው። ለ55 ኢንች ከ1.7 እስከ 2.1 ሜትር፣ ለ65 ኢንች ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ባለው ውስጥ ይቀመጡ። ሳሎኑን መቀየር ካልፈለጉ ለፊልሙ ጊዜ ብቻ አንድ ወንበር ወደፊት ይሳቡ።

መጋረጃ ይዝጉ፣ የጣሪያውን አምፖል ያጥፉ። ሙሉ ጨለማ ዓይንዎን ካደከመው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ግድግዳው ላይ የሚያርፍ ደካማ ነጭ መብራት ያድርጉ። ከፊት ለፊት ያለ አምፖል ግን ስክሪኑ ላይ ስለሚንጸባረቅ የጥቁሩን ጥልቀት ያጠፋዋል።

ደረጃ 8፦ ድምፁን ይስጡት

የጦርነት ፊልም ድምፅ ሰፊ ነው፤ ሹክሹክታው ዝቅ፣ መድፉ ከፍ ይላል። ቴሌቪዥኑ ብቻ ካለዎት ንግግሩን ለመስማት ከፍ ያደርጉና ፍንዳታው ሲመጣ ሪሞት ፍለጋ ይሮጣሉ። ቀላል ሳውንድባር እንኳ መሃል ላይ የንግግር ድምፅ ማጉያ ካለው ይህን ያቃልላል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆኑ ደግሞ ለጎረቤት ያስቡ፤ ግድግዳ አልፎ የሚሄደው ወፍራሙ ድምፅ ነው። ማታ ላይ «ናይት ሞድ» የሚለውን ያብሩና ሰብዉፈሩን ከግድግዳ አርቀው ያስቀምጡ፤ ቀን ላይ መልሰው ያጥፉት።

የምርጫ ማውጫው ውስጥ «አትሞስ» (ድምፁን ከዙሪያና ከላይ የሚያሰማ ትራክ) እና ሌላ የድምፅ ትራክ ካለ መሣሪያዎ የሚችለውን ይምረጡ። ሁለት ድምፅ ማጉያ ብቻ ላለው ሰው አትሞስ መምረጡ ጥቅም የለውም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ «ሎውረንስ» ሲጀምር ለአራት ደቂቃ ያህል ጥቁር ስክሪን ላይ ሙዚቃ ብቻ ይሰማል። ዲስኩ አልተበላሸም፤ ኬብሉም አልተነቀለም። የሞሪስ ጃር መግቢያ ሙዚቃ ነው። ሳይነኩ ይተዉት፤ ድምፁን ለመመጠን ጥሩ ጊዜ ነው።

ደረጃ 9፦ በሦስት ትዕይንት ይፈትኑ

ሁሉን ካስተካከሉ በኋላ ፊልሙን ከመጀመርዎ በፊት እነዚህን ይዩ።

*ክብሪቱ እና ፀሐይ መውጫው።* ሎውረንስ የተለኮሰውን ክብሪት እፍ ሲል ምስሉ ወደ በረሃው ንጋት ይቆረጣል። ሰማዩ ከጥቁር ቀይ ወደ ብርቱካንማ የሚሸጋገርበትን ይመልከቱ። ሽግግሩ ያለ መስመር ከሆነ መልካም ነው። እንደ ደረጃ የተከፋፈለ መስመር ከታየ ወይ የኤችዲኤምአይ ወደቡ በሙሉ አልተከፈተም፣ ወይ ኮንትራስት ማድመቂያ በርቷል።

*የውኃ ጉድጓዱ ዳር።* ኦማር ሸሪፍ የሚጫወተው ሸሪፍ ዓሊ ከሩቅ በግመል ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው በሙቀቱ የሚርገበገብ አንዲት ጥቁር ነጥብ ነው። ነጥቧ ቀስ እያለች ጋላቢ ትሆናለች። ይህ ከሁሉ የከበደ ፈተና ነው። ኖይዝ ሪዳክሽን በርቶ ከሆነ ነጥቧ ትጠፋና ድንገት ብቅ ትላለች። የእንቅስቃሴ ማለስለሻ ካልጠፋ በዙሪያዋ ያለው አየር ይቀደዳል። ሻርፕነሱ ከፍ ካለ የአድማሱ መስመር ላይ ነጭ ክር ይሰመራል። ሁሉም በትክክል ከጠፋ የምትርገበገበው ነጥብ ሳትቋረጥ ወደ እርስዎ ትመጣለች።

*ነጩ ልብስ።* ሎውረንስ የተሰጠውን ነጭ የዐረብ ልብስ ለብሶ አሸዋው ላይ ብቻውን ሲንጎራደድ የልብሱን እጥፋቶች ይዩ። በነጩ ውስጥ ጥላና ሽመና መታየት አለበት። ልብሱ ባዶ ነጭ ከሆነ «ኮንትራስት» በዝቷል ወይም ሁነታው «ቪቪድ» ነው።

ችግር ሲገጥም

- ምስሉ ለአፍታ ይጠፋና ይመለሳል፦ ኬብሉ ደካማ ነው፤ አጭር ይሞክሩ።
- ቀለሙ የደበዘዘና ግራጫማ ነው፦ ኤችዲአር አልገባም፤ ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ።
- ፊልሙ መሃል ላይ ይደርቃል፦ ዲስኩን ይጥረጉ፤ ካልሆነ የማጫወቻውን ሶፍትዌር በፍላሽ ያድሱ።
- የትርጉም ጽሑፉ በጨለማ ዓይን ይወጋል፦ አንዳንድ ማጫወቻዎች የጽሑፉን ድምቀት ለብቻው ያስቀንሳሉ።
- ቀለሙ ሆን ተብሎ የገረጣ ይመስላል፦ ልክ ሊሆን ይችላል። የ«ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን» ቀለም የነጣው በላቦራቶሪ በተሠራ ሥራ ነው፤ «ከለር» ከፍ አድርገው ለማረም አይሞክሩ።

ሁሉም ሲስተካከል የሴቲንጉን ገጾች በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ቴሌቪዥኑ ሶፍትዌሩን ሲያድስ ያጠፉትን ሁሉ ሳይነግርዎ መልሶ ሊያበራ ይችላል፤ ያኔ ፎቶውን አውጥተው በአምስት ደቂቃ ይመልሱታል። ከዚያ በኋላ ለሚገዙት ፊልም የሚቀርዎት ደረጃ 1 እና 2 ብቻ ናቸው፦ እድሳቱን መምረጥ፣ ዲስኩን ማስገባት። ሪሞቱን ግን ፊልሙ ከጀመረ በኋላ አይንኩት። የበረሃው አቧራም፣ የሌሊቱ ጥቁረትም፣ ግሬይኑም ቀራጮቹ የመረጧቸው ናቸው፤ የእርስዎ ድርሻ ሳይቀንሱ ማየት ነው።